ስሙን የጣለው ሕንጻ
ከጎርዶን ኮሌጅ እስከ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ

ለመተማና ለጋላባት ሰው «ጎርዶን» የሚለው ስም ከመጻሕፍት ብቻ የሚታወቅ የሩቅ ስም አይደለም። እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጎርዶን በ1879 የግብጹ ኬዲቭ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ በመዝለቅ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ቀርቧል፤ የፈለገውን ስምምነት ሳያገኝም ተመልሷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ ይኸው ሰው በመሐዲስቶች የተከበበውን የግብጽ ጦር ከሱዳን እንዲያወጣ ወደ ካርቱም ተላከ። በዚያው ዓመት ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር አድዋ ላይ በተፈራረሙት ውል መሠረት በጋላባት፣ በከሰላና በአካባቢው የታገቱትን የግብጽ ወታደሮች በአገራቸው በኩል ለማስወጣት ግዴታ ገቡ። ጎርዶን ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ካርቱም ላይ ተገደለ። ውሉን ያከበሩት ንጉሠ ነገሥት ግን ከድርቡሽ ጋር የገቡበት ጠብ ጎንደርን በ1888 አስቃጠለ፤ እርሳቸውንም በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሕይወታቸውን አሳጣቸው። ከተማዋ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ይህን ያህል ወደ ኋላ የሄድሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በካርቱም ከተማ፣ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በጎርዶን ስም ሲጠራ የኖረ አንድ ትልቅ ሕንጻ አለ። የብዙ ኢትዮጵያውያን ዓይን ከጎኑ በሚፈሰው ውኃ ላይ እንጂ በሕንጻው ላይ አያርፍም፤ ወንዙ ከእኛ አገር የወረደ ነውና። ሕንጻው ግን የሱዳን የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ያለፈበት ነው። የተሠራው ለአንድ ሥራ ነበር። የዋለባቸው ሥራዎች ግን ብዙ ከመሆናቸው የተነሣ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶቹ ከመቃብር ተነሥተው ቢያዩት «ይህን ነው የሠራነው?» ማለታቸው አይቀርም።

ጄኔራል ኪችነር በሴፕቴምበር 1898 በኦምዱርማን ጦርነት የከሊፋውን ሠራዊት ከደመሰሰ በኋላ ኖቬምበር ላይ ወደ እንግሊዝ ሕዝብ አንድ ጥሪ አስተላለፈ፤ ለጎርዶን መታሰቢያ የሚሆን ኮሌጅ በካርቱም ለመሥራት አንድ መቶ ሺህ ፓውንድ እንዲዋጣ የሚጠይቅ ነበር። ገንዘቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞልቶ ተረፈ። ለጎርዶን ሞት የቁጭት እንባ ያፈሰሰ ሕዝብ ኪሱንም አልሰሰተም። በጃንዋሪ 1899 ሎርድ ክሮመር የመሠረቱን ድንጋይ አኖረ። ንድፉን ያወጣው የግብጹ ኬዲቭ መሐንዲስ ፋብሪሲየስ ነበር። ሥራው ባለ ሁለት ፎቅ፣ ከቀይ ሸክላ የተገነባ፣ ቅስት ያላቸው ረዣዥም በረንዳዎች የከበቡት ሕንጻ ሆኖ ወጣ። የአውሮፓ ገዳም ነው እንዳይሉት የዓረብ ቤት ይመስላል፤ የዓረብ ቤት ነው እንዳይሉት የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ይመስላል። የካርቱምን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ግን የበረንዳዎቹ ጥቅም ግልጽ ነው።

ኮሌጁን ኪችነር ራሱ ኖቬምበር 8 ቀን 1902 መርቆ ከፈተው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ ይሏል። ከስድስት ወር በፊት፣ ሜይ 15 ቀን 1902፣ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የሱዳንንና የኢትዮጵያን ወሰን የሚወስነውን ውል ፈርመዋል። በተከታዩ ዓመት እንግሊዛዊው መኮንን ግዊን በሁለቱ አገሮች መካከል ምልክት እያኖረ አለፈ። ዛሬ የገዳሪፍ ነዋሪ ሁሉ የሚያውቀው፣ በፈሽቃ ሜዳ ደግሞ እስካሁን የሚያጨቃጭቀው መስመር ይኸው ነው። ኮሌጁና ድንበሩ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው። በአንድ በኩል ግዛቱ የት እንደሚያበቃ ተወሰነ፤ በሌላ በኩል ግዛቱን በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት የሚያገለግሉ ሰዎች የሚወጡበት ቤት ተከፈተ።

የመጀመሪያው የኮሌጁ ኃላፊና የትምህርት ዳይሬክተር ጄምስ ከሪ ዓላማውን አልሸሸገም። አገሪቱ የእጅ ባለሙያዎች ያስፈልጓታል፤ ሕዝቡ የአስተዳደርን ሥርዓት በመጠኑ የሚረዳበት መሠረታዊ ትምህርት ያስፈልገዋል፤ ከዚያም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዝቅተኛውን ሥራ የሚይዝ አነስተኛ የተማረ ክፍል ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ የታሰበ አልነበረም። ስለዚህ «ኮሌጅ» የተባለው ቤት በመጀመሪያ የተከፈተው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትነት ነበር። ቀጥሎም የእጅ ሥራ መማሪያ፣ የመምህራንና የቃዲዎች ማሠልጠኛ፣ የቅየሳና የምህንድስና ትምህርት ተጨመረበት። የእንግሊዝ ሕዝብ ያዋጣው ገንዘብ ስሙን ከፍ አድርጎ ሰቀለው እንጂ ሥራው ዝቅ ያለ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው በዚያው ጣሪያ ሥር የተከፈተው ሌላ ክፍል ነው። የመድኃኒት ነጋዴው ሄንሪ ዌልካም በሰጠው ስጦታ በ1903 በኮሌጁ ውስጥ የሐሩር በሽታዎች ምርምር ቤተ ሙከራ ተቋቋመ፤ ኃላፊውም ሐኪሙ አንድሪው ባልፎር ነበር። ሕፃናት በአንዱ ክንፍ ፊደል ሲቆጥሩ በሌላው ክንፍ የወባ ትንኝ፣ የወንዝ ውኃ፣ የነዶ ተባይና የታማሚ ደም በማጉያ መነጽር ይመረመር ነበር። ባልፎርና ባልደረቦቹ በዓባይ ላይ የሚንሳፈፍ ቤተ ሙከራም ነበራቸው። በ1908 የምርምሩ ክፍል በእሳት ቢጋይም እንደገና ተደራጅቶ ሥራውን ቀጠለ። የዚሁ ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበረው ኒቭ በ1904 በሱዳን የመጀመሪያውን የካላዛር ሕመምተኛ መዝግቧል።

ካላዛር ምን እንደሆነ ለገዳሪፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በራሃድና በአትባራ ወንዞች መካከል፣ በመተማና በሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች፣ በግራር ጥላ ሥርና በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስፕሊኑ ያበጠ፣ ሰውነቱ የከሳ፣ ትኩሳቱ አልበርድ ያለው ሰው ወደ ሐኪም ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ይኸው በሽታ ነው። ጎርዶንን ለማሞገስ የተሠራው ሕንጻ ለእኛ ቆላ ያበረከተው አንዱ ጥቅም ከመታሰቢያነቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነበር።

በሕንጻው ክፍሎች ውስጥ ሌላም እንግዳ ገብቶ ነበር፦ የጥንት ዕቃ። ከሰሜኑ የኑቢያ ፍርስራሾች የተለቀሙ የድንጋይ ቅርጾችና የሸክላ ማሰሮዎች በኮሌጁ ተቀመጡ፤ የሱዳን የቅርስ ክምችት በ1971 የተከፈተውን ብሔራዊ ቤተ መዘክር እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዘመን ካርቱም ውስጥ ማደሪያ ሲፈልግ ኖሯል። የአንድ አገር ጥንታዊ ታሪክ በባዕድ ጄኔራል ስም በተጠራ ቤት ተጠልሎ ማደጉ የዘመኑ ጠባይ ነው።

በ1924 የነጩ ባንዲራ ማኅበር እንቅስቃሴ ተነሣ፤ በኦገስት ወር የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች በካርቱም አደባባይ መሣሪያቸውን ይዘው ሰልፍ ወጡ፤ በኖቬምበር ሱዳናውያን ወታደሮች ዐምፀው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተዋጉ። ገዢዎቹ ጥፋቱን የተማረው ክፍል ላይ ጣሉ። የጦር ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ በጎርዶን ኮሌጅም ቁጥጥሩ ጠበቀ። የተማረ ሰው ከሚያሰጋ ይልቅ በጎሣ መሪዎች በኩል መግዛት ይሻላል የሚለው ሐሳብ በዚህ ጊዜ ኃይል አገኘ። ይህ ሁሉ ግን ተማሪውን ዝም አላሰኘውም። በ1931፣ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ሱዳንን ሲነካ፣ መንግሥት የኮሌጁን ምሩቃን የመነሻ ደመወዝ በወር ከ8 ፓውንድ ወደ 5 ፓውንድ ተኩል ዝቅ አደረገ፤ ተማሪዎቹም ትምህርት አቆሙ። አድማው ስለ ገንዘብ ይመስላል፤ ገንዘብም ነበረበት። ነገር ግን «ለእናንተ የተወሰነው ዋጋ ይህ ነው» የተባሉ ወጣቶች ዋጋቸውን ራሳቸው ለመናገር የደፈሩበት ቀን መሆኑ ግልጽ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ የምሩቃን ጠቅላላ ጉባኤ ተመሠረተ። «ምሩቃን» ሲባል በዋናነት የዚህ ቤት ልጆች ማለት ነው። ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ የኮሌጁ የሒሳብ መምህር የነበረው ኢስማኢል አል አዝሃሪ ነው። ጉባኤው በ1942 ለሱዳን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት የሚጠይቅ ማስታወሻ ለእንግሊዝ አስተዳደር አቀረበ። ማስታወሻውን ውድቅ ያደረገው የሲቪል ጉዳዮች ዋና ጸሐፊው ሰር ዳግላስ ኒውቦልድ ነበር። ኒውቦልድ በ1945 በካርቱም ሞተ፤ የግል መጻሕፍቱም ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መነሻ ሆኑ። «አይሆንም» ያለው ሰው መጻሕፍት «ይሆናል» ያሉት ሰዎች ልጆች ማንበቢያ ሆኑ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጦርነቱ ዓመታት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ታሪካችን ከካርቱም ጋር እንደገና የተገናኘው በዚያ ጊዜ ነውና። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጁላይ 1940 ካርቱም ገቡ፤ እስከ ጃንዋሪ 1941 ድረስም በሱዳን ቆይተው በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ። ከእርሳቸው አስቀድሞ ኮሎኔል ሳንድፎርድ በኦገስት 1940 ከገዳሪፍ በስተደቡብ ካለችው ከዶካ ተነሥቶ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎጃም አመራ። በካርቱም አጠገብ በሶባ ደግሞ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የመኮንንነት ሥልጠና ይወስዱ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ። መንግሥቱ በ1960 በመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ታጋች ሹማምንት የተገደሉት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ያ ቤተ መንግሥት በተከታዩ ዓመት ለአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ካርቱም ላይ የገዢ መታሰቢያ የተማሪ ቤት ሆነ፤ አዲስ አበባ ላይ የንጉሥ መኖሪያ የተማሪ ቤት ሆነ። የጦርነቱ ስንቅ ፍላጎት ገዳሪፍንም ለውጧል፤ በአካባቢው በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ የማሽላ እርሻ የተጀመረው በ1944 ለጦሩ እህል ለማቅረብ ነበር።

በነዚሁ ዓመታት የኮሌጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአሮጌው ሕንጻ ወጥቶ ወደ ኦምዱርማን ተዛወረ፤ በ1946 ደግሞ ወደ ዋዲ ሰይድና ሄደ። የወጣው ክፍል ቦታ ባዶ አልቀረም። ከ1936 ጀምሮ አንድ በአንድ የተከፈቱት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም የሕግ፣ የግብርና፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የምህንድስና፣ የሳይንስና የሥነ ጥበብ ክፍሎች በ1945 አንድ ላይ ተጠቃለሉ። ቤቱ ከተመረቀ ከ43 ዓመት በኋላ ኮሌጅ የሚለው ስም እውነተኛ ሆነ ማለት ይቻላል። ከለንደን ዩኒቨርሲቲም ጋር ትስስር ተፈጠረ። በ1951 በ1924 ከተመሠረተው ከኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ «የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» ተባለ። ጎርዶንም ኪችነርም በአንድ ቀን ከደጃፉ ወረዱ። በተከታዩ ዓመት ኻሊዳ ዛሂር የመጀመሪያዋ ሱዳናዊት ሐኪም ሆና ተመረቀች፤ ወንድ ጸሐፊዎችን ለማፍራት የታሰበው ሥርዓት ይህን አላሰበም ነበር።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 የእንግሊዝና የግብጽ ሰንደቅ ዓላማዎች ወርደው የሱዳን ባንዲራ ሲሰቀል ገመዱን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አል አዝሃሪና የተቃዋሚው መሪ መሐመድ አሕመድ ማሕጁብ ነበሩ። ሁለቱም የጎርዶን ኮሌጅ ልጆች ናቸው። ለገዢ ጸሐፊ እንዲወጣበት ከተሠራ ቤት ገዢውን የሚሸኙት ወጡ። በዚያው ዓመት ኮሌጁ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ አሮጌው ሕንጻም ዋናው ቤተ መጻሕፍት የሚገኝበት የግቢው ልብ ሆኖ ቀረ። በ1958 የጎርዶን በግመል ላይ የተቀመጠ ሐውልት ከካርቱም ተነቅሎ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ዛሬ በዚያ አገር በስሙ በተሰየመ ትምህርት ቤት ቆሟል። የሐውልቱ መሄድ ቀላል ነበር፤ ሕንጻውን ግን ማንም ጭኖ ሊወስደው አይችልም፣ ማንም ሊያፈርሰውም አልፈለገም።

ለተማሪዎቹ መኝታ የተሰጠው ሰፈር ደግሞ የቀድሞው የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ነበር፤ ስሙም እስከ ኋላ ድረስ «ባራክስ» እንደተባለ ቆይቷል። በኦክቶበር 21 ቀን 1964 ተማሪዎች ስለ ደቡብ ሱዳን ጉዳይ ለመነጋገር በዚህ ሰፈር ተሰብስበው ሳለ ፖሊስ ተኮሰ፤ አሕመድ አል ቁረሺ የተባለ ተማሪ ተገደለ። የጄኔራል ዓቡድ አገዛዝ ከዚያ በኋላ ሳምንታትም አልቆየም። ሱዳናውያን ኦክቶበርን ሲያወሱ የሚያወሱት ይህን ነው። የእኛ የየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮት ከመፈንዳቱ አሥር ዓመት ገደማ አስቀድሞ የጎረቤታችን ተማሪዎች አንድ ወታደራዊ መንግሥት ጥለው ነበር።

ከ1990 ወዲህ ትምህርቱ ወደ ዓረብኛ ሲዞርና በየክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የካርቱሙ ብቸኝነት ቀረ። የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ የቆመው በ1994 ነው። ከድንበሩ ማዶም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የካርቱሙ ቤት በመታሰቢያነት ጀምሮ በሕክምና ምርምር ጠቀመ፤ የጎንደሩ ከመነሻው በበሽታ ምክንያት ተወለደ። በእኔ አስተያየት የጎንደሩ ጅማሬ ይሻላል። ከጌጥና ከስም ይልቅ ችግር መሥራች ሲሆን ቤቱ ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠራጠርም።

በአፕሪል 2016 አሮጌው ግቢ ከመሐል ከተማ እንደሚለቅ፣ ተማሪዎቹ ወደ ሶባ እንደሚዛወሩና ሕንጻው ለቱሪዝም እንደሚውል ወሬ ተናፈሰ። ወዲያው ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን ተነሡ፤ ተቃውሞው ለቀናት ዘለቀ፤ መንግሥትም የመሸጥ ሐሳብ የለኝም አለ። የተቃዋሚዎቹ ነገር ያስገርማል። የባዕድ ጄኔራል መታሰቢያ የሆነ ቀይ ሸክላ ቤት እንዳይነካ በሰልፍ የወጡት የዚያ ጄኔራል ጠላቶች የልጅ ልጆች ናቸው። ሕንጻው ቤተ መዘክር ቢሆን ከመበላሸት ይድን ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ሰው ሲማርበት የኖረን ቤት ለጎብኚ ማሳያ ማድረግ ሌላ ዓይነት መዝጋት ነው፤ ተማሪዎቹ የተረዱት ይህን ይመስለኛል።

ከዚያ አፕሪል 15 ቀን 2023 መጣ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ከቤተ መንግሥቱና ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ሩቅ ባለመሆኑ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በእሳት መካከል ሆነ። ጦሩ ቤተ መንግሥቱን መልሶ እስከያዘበት እስከ ማርች 2025 ድረስ መሐል ካርቱም የውጊያ ቀጠና ሆኖ ቆየ። በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሺር የምርምር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የጥንት ዕቃዎቹ መጨረሻ ቤታቸውን ያገኙበት ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተዘረፈ። በገዳሪፍ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ሆኑ፤ በየክፍሉ የነበረው ወንበር ወጥቶ ምንጣፍ ተነጠፈ። ቀድሞ ከእኛ አገር የሸሹትን ያስጠጋች ከተማ በዚህ ጊዜ የራሷን አገር ስደተኞች ተቀበለች።

ውጊያው በተጀመረባቸው ቀናት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ከሰማንያ በላይ ሰዎች መውጫ አጥተው ተከበው ነበር። ምግብና ውኃ አለቀባቸው። ከመካከላቸው አንድ ተማሪ በጥይት ተመትቶ ሞተ። አስከሬኑን ወደ መካነ መቃብር ማውጣት ስላልተቻለ ባልደረቦቹ እዚያው በግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው አፈር አለበሱት።